300 ቺፕ ልኬ 259 ደረሰ ተባልኩ፣ ያውም በ52ኛው ቀን። ዕዳው የማን ነው?

ሌሊት ፈረቃ (ላስ ቬጋስ)

ሰላም ወገን። ነገሩ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ሥራዬ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ማደል ነው። ሌሊቱን ሙሉ በእጄ የሚያልፈው ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚቆመርበት ክብ ሸክላ) የሰው ነው። ከጠረጴዛው በተነሣሁ ቁጥር እጄን አጨብጭቤ፣ መዳፌን ገልብጬ ለካሜራው አሳይቼ ነው የምሄደው። የራሴ የምለው ቺፕ ያማረኝ ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል። መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን በከፈተች ቁጥር “ይሄ ሁሉ ሸክላ ምናለ ድስት በሆነ” ትላለች።

ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነው፣ ፖልሰን የሚባል ድርጅት የሠራቸውን 300 ቺፕ ሸጥኩ። ስሙን ከቀየረ ካዚኖ የወጡ፣ ያገለገሉ ግን ጠርዛቸው ያልተበላ። ባለ 1 ዶላሩ 100፣ ቀዩ ባለ 5 ደግሞ 160፣ አረንጓዴው ባለ 25 አርባ። አንዱን በ3 ዶላር ሂሳብ፣ በድምሩ 900። ገዢው ሐበሻ ነው፣ ሜሪላንድ የሚኖር። በስልክ ሳወራው “ወንድሜ” ሳይል ወሬ አይጀምርም። ደስ አለኝ።

ይሉኝታ የበላኝ እዚህ ላይ ነው። “ኢንሹራንስ ልጨምርበት?” ብለው “ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?” የሚለኝ መሰለኝና ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ “በፔይፓል ብከፍልህ ሃያ ሰባት ዶላር ገደማ ይቆርጥብሃል፣ ለምን እንገብራለን፣ በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ልላክልህ” አለ። ላከ። ምንም ወረቀት የለንም። ሁለት “ወንድሜ” ብቻ።

ማሸጉንም ልንገራችሁ፣ እንዳትፈርዱብኝ። ቺፑን ሃያ ሃያ አድርጌ በምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ጠቀለልኩት። ሳጥኑ የልጄ ዳይፐር የመጣበት ነው። የተረፈውን ቦታ በጋዜጣና ባሮጌ የሥራ ሸሚዝ ሞላሁት። ፖስታ ቤቱ ፕራዮሪቲ በሚለው ፈጣን መስመር ላክሁት፣ በሦስተኛው ቀን “ደርሷል” የሚል መልእክት መጣልኝ። ገዢውም አውራ ጣት የቀሰረች ምስል ላከልኝ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ትናንት፣ ከላክሁ በ52ኛው ቀን፣ ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ሳይ “ወንድሜ፣ 41 ቀይ ይጎድላል” ይላል። ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ ፎቶ የለ። አምሳ ሁለት ቀን ሙሉ የት ነበርክ? ተጫውተህበት፣ አበዳድረህ፣ አስጠፍተህ ሲያበቃ ነው ወይ እኔ ትዝ ያልኩህ? እንዳልሰድበው ብዬ እስካሁን አልመለስኩለትም።

ደግሞ ብቻውን ቢሆን ባልተናደድኩ። ሰሞኑን የሚሸጥ ነገር ባወጣሁ ቁጥር የማይመጣብኝ ጉድ የለም። ዋጋ ጽፌ እያለ “የመጨረሻ ስንት?” የሚለኝ አለ። “ያዝልኝ” ብሎ አሥራ አንድ ቀን የጠፋ አለ፤ ሰው ሲለምነኝ “ተይዟል” እያልኩ ቆይቼ መጨረሻ ላይ “ሐሳቤን ቀየርኩ” ይለኛል። እያንዳንዱን ቺፕ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አስነሥቶኝ “አይ፣ እንዲያው ለማየት ነው” ያለኝም አለ። አንዱማ “ወደ ዲሲ የሚመጣ ሰው ካለ በሻንጣ ላክልኝ” አለኝ። ለማላውቀው ሰው ሻንጣ ሦስት ኪሎ ሸክላ! ኤርፖርት ማሽኑ ውስጥ ድቡልቡል ጥቁር ነገር ሆኖ ሲታይ ሻንጣውን ከፍተው ማን ይመልስ? እኔ አንዴ ለራሴ ይዤ ስሄድ ካልሲዬን ሳይቀር አንድ በአንድ አውጥተው ነው ያዩት።

እና ጥያቄዬ። 41ዱን እኔ ልክፈል ወይስ እሱ ይቻለው? ኢንሹራንስ ካልገዛሁ ከፖስታ ቤት አንዲት ሳንቲም አላገኝም ማለት ነው?


ችፕስ በሚጥሚጣ (ዳላስ)

ርዕሱን አይቼ የድንች ችፕስ መስሎኝ ነው የገባሁት። 41 ፍሬ ችፕስ ጎደለብኝ ብሎ ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ማየት አለብኝ ብዬ። ጨርሼ ሳነበው ይባስ ገረመኝ። ዘጠኝ መቶ ዶላር፣ በብር ለማይመነዘር ነገር? ወንድሜ፣ 41 ቀይ አማዞን ላይ ግዛና ላክለት፣ ተገላገል።


ሌሊት ፈረቃ

አይ ሚጥሚጣው፣ ቢገዛማ ምን አስለቀሰኝ።

ፖልሰን ለግለሰብ አይሸጥም። ፖል ኤንዲ የሚባል ሰው በ1963 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቬጋስ ውስጥ ያቋቋመው ድርጅት ነው፣ ደንበኞቹ ካዚኖዎች ናቸው። ፋብሪካው ድንበሩን ተሻግሮ ሜክሲኮ፣ ሳን ሉዊስ ሪዮ ኮሎራዶ ነው። በ2002 ከፈረንሣይ ድርጅት ጋር ተዋህዶ፣ በ2019 ደግሞ የጃፓኑ ኤንጀል ገዛው። በእኛ እጅ የሚገባው ካዚኖ ሲዘጋ ወይም ስም ሲቀይር ሾልኮ የሚወጣው ብቻ ነው፤ አብዛኛው ተፈጭቶ ይጠፋል። ጠርዙ ዙሪያ ኮፍያና ከዘራ ታትሞበታል፣ እጅህ በጨለማ ያውቀዋል። ሜይን ግዛት የሸክላ ቺፕ በትእዛዝ የሚሠራ አለ፣ ሥራውም ጥሩ ነው፣ ግን ኮፍያና ከዘራው የለውም። 119 ቀይ ላይ 41 ሌላ ዓይነት ቀይ መቀላቀል ማለት ለባለ ጥልፍ ቀሚስ ከሌላ ቀሚስ ጥለት ቆርጦ እንደ መስፋት ነው።

የአማዞኑማ ውስጡ ብረት ነው። ሲጋጭ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ያወጣል።


የፖስታው ልጅ (ባልቲሞር)

እኔ ፖስታ መለያ ማዕከል ነው የምሠራው፣ እኔም እንዳንተው ሌሊት። መሥሪያ ቤቴን ወክዬ አይደለም የምጽፈው፤ በዓይኔ የማየውን ነው።

መጀመሪያ ክፉውን ልናገር፣ ጥፋቱ የማሸጉ ነው። የዳይፐር ሳጥን የተሠራው ለጥጥ ነው። ጋዜጣ ደግሞ አንዴ ከተጨቆነ ተኝቶ ይቀራል፣ አይመለስም። ሦስት ኪሎ ሸክላ ባዶ ቦታ ያለው ሳጥን ውስጥ ሲገባ መዶሻ ነው። ሳጥኑ ከቀበቶ ወደ ቀበቶ በወረደ ቁጥር ከውስጥ ግድግዳውን ይመታል። አምስተኛው ምት ላይ ማዕዘኑ ይከፈታል። ሳንቲም፣ ብሎንና ሚስማር፣ የመጥረጊያ ማሽን ባትሪ፣ በየሌሊቱ ወለሉ ላይ የምናየው እንዲህ የወጣ ነገር ነው። ባለቤቱ የታወቀው ተመልሶ ይታሸጋል። ከየትኛው ሳጥን እንደወጣ ያልታወቀው አትላንታ ወደሚገኘው የጠፉ ዕቃዎች ማዕከል ይሄዳል። “ጠፍቶብኛልና ፈልጉልኝ” የሚል ማመልከቻ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እሱንም ሙላ። ቀይ፣ በሃያ ሃያ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ላይ ኮፍያ ያለበት ብለህ ዘርዝር። “ቺፕ” ብቻ ብለህ እንዳትጽፍ፣ ሚጥሚጣው እንዳሰበው ያስባሉ።

አሁን ደጉን። ኢንሹራንስ ባትገዛም ፕራዮሪቲ እስከ 100 ዶላር የሚደርስ ዋስትና በውስጡ አለው። ብዙ ሰው አያውቅም። ማመልከት የሚቻለው ከተላከበት ቀን አንሥቶ እስከ 60ኛው ቀን ነው። አንተ ዛሬ 53 ላይ ነህ። ሰባት ቀን አለህ ማለት ነው፣ እሱንም በኩርፊያ እየበላኸው ነው። ላኪም ተቀባይም ማመልከት ይችላል፣ አንዳችሁ ብቻ። የሚፈለገው የላክህበት ደረሰኝ፣ ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ (የዜሉ መዝገብና የተነጋገራችሁት መልእክት ይሆናል)፣ የጉዳቱ ፎቶ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሳጥኑ ራሱ ነው። ሳጥኑን ከነጋዜጣው ከነሸሚዝህ አምጡ ሊሉ ይችላሉ። ገዢው ጥሎት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ደግሞ እወቀው፣ ማሸጉ ደካማ ነው ብለው ውድቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። የዳይፐሩን ሥዕል አትደብቅ፣ ግን አታጉላውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ። ፖስታ ቤት በነፃ የሚሰጠው ትንሿ የፕራዮሪቲ ሳጥን አለች፣ ዋጋዋ ከክብደት ጋር የማይጨምረው። ውስጧ 1 ከ5/8 ኢንች ከፍታ አለው። ያ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ያንተ ቺፕ ስንት ነው? 39! እንደ ተለካለት ሱሪ ልክክ ይላል። ሃያ ሃያውን ጠቅልለህ ሦስት በሦስት ብትደረድር ዘጠኝ ጥቅል ይገባል፣ 180 ቺፕ። ሁለት ሳጥን ብትልክ ሦስት መቶው አልቆ ነበር፤ አንዱ ቢፈነዳ እንኳ ሌላው ይተርፋል። ፕላስተሩ ቺፑን እንዳይነካ መጀመሪያ ወረቀት አልብሰው። ዘግተህ ስታበቃ ጆሮህ ላይ አድርገህ ነቅንቀው። ከተንሿሿ ክፈትና እንደገና ጀምር። የጸናጽል ድምፅ ያለው ሳጥን ወደ እኛ አትላክ።


ዱንስ 93 (ላስ ቬጋስ)

ልጄ፣ እኔ እዚህ ከተማ የገባሁት በ1991 ነው፣ ስሜንም ያገኘሁት ዱንስ የሚባለው ካዚኖ የፈረሰ ለት ነው። ጥቅምት መሆኑ ነው፣ በ1993፣ ኦክቶበር 27። ትሬዠር አይላንድ የሚባለው አዲስ ካዚኖ ሲመረቅ ከደጃፉ መርከብ መድፍ የተተኮሰ አስመስለው ዱንስን በፈንጂ ጣሉት። እኔ ያኔ ሳህን አጣቢ ነበርኩ፣ ከሥራ ወጥቼ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አየሁ። ኪሴ ውስጥ የዱንስ አንድ ዶላር ቺፕ ነበረች። አቧራው እስኪበተን ጨብጬያት ቆየሁ። ዛሬም አለች፣ አትሸጥም። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ስነዳ ስንቱ ሲዘጋ አየሁ። ትሮፒካና በኤፕሪል 2024፣ ሚራዥ በዚያው ዓመት ጁላይ። ሚራዥ ሊዘጋ ሰሞን መኪናዬ ውስጥ የሚገባው ሰው ሁሉ ባለ አንድ ዶላር ቺፕ ይዞ ነበር የሚወጣው።

ወደ ነገርህ ልምጣ። የጥንት ሰብሳቢዎች ዘንድ ክርክር የለውም፣ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ የሻጭ ነው። ሳጥን የመረጥከው አንተ፣ ኢንሹራንስ የተውከው አንተ። ስለዚህ ዕዳው ያንተ ነው። ገዢው ግን የራሱ ግዴታ አለበት። ሳጥን በገባ ለት፣ የሚያለቅስ ልጅም ቢሆን አስቀምጦ፣ ስልኩን ቀርጾ ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ “300 ደረሰ” ይላል። አውራ ጣት መቀሰር ቆጠራ አይደለም። ስለዚህ እሱም አጥፍቷል። ገንዘቡን አንተ ክፈል፣ ይቅርታውን እሱ ይጠይቅ። እንዲህ ነው የምንፈርደው።

ይሉኝታ ያልከው ነገር ሐበሻን የማይጨርሰው የለም። ለ900 ዶላር ዕቃ ተጨማሪ ኢንሹራንሱ ከአንድ ክትፎ ያነሰ ነው፣ የሁለት ሰው ወዳጅነት ግን ያንን ጥያቄ አይችልም ብላችሁ ዝም ተባባላችሁ። እኔ ውድ የሆኑትን በሬጅስተርድ ፖስታ ነው የምልክ። ይዘገያል፣ እንደ ታቦት ከእጅ ወደ እጅ እየተፈረመበት ነው የሚሄደው፣ ግን እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ዋስትና ይገባበታል። ፔይፓል ያላችሁትም፣ በሽያጭ መስመር የከፈለ ሰው 180 ቀን ድረስ አቤት ማለት ይችላል። ሻጩ ደግሞ ከ750 ዶላር ጀምሮ ተቀባዩ ካልፈረመ አይጠበቅም። ሃያ ሰባት ዶላሩ የዚህ ዋጋ ነው። ግብር አይደለም።

“ያዝልኝ” ስላልከው። በእኛ ዘንድ ቃሏ “ወሰድኩ” ናት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በተጻፈው ዋጋ። በዚያው ቀን ይከፈላል፣ አለቀ። “ያዝልኝ” የሚባል ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንተን ባይመለከትም ሌላው ያንብበው። ትልቅ ቁጥር ያለው፣ ገና የሚሠራ ቺፕ በፖስታ ልላክልህ፣ በቅናሽ ውሰድ ቢሏችሁ አትንኩ። በ2010 ዲሴምበር አንድ ወጣት የሞተር ሳይክል ቆቡን እንዳጠለቀ ቤላጂዮ ካዚኖ ገብቶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቺፕ ዘርፎ ወጣ። ካዚኖው ባለ 25,000ውን ቺፕ ከአገልግሎት አወጣለሁ አለ። ልጁ መመንዘር አቃተውና ኢንተርኔት ላይ ከሚያውቃቸው ቁማርተኞች ገዢ ፈለገ። የገዛው ሰው ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነበር። ካዚኖ ቺፑን የራሱ ንብረት አድርጎ ነው የሚያየው፣ ሲያሻው አይመነዝርም።


ቡና ሦስተኛ (ሲያትል)

እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፣ ሰብሳቢ አግብቼ ነው። ዓርብ ማታ ቤታችን ሰባት ስምንት ሰው ይጫወታል፣ ሃያ ሃያ ዶላር እያስገቡ። ስለ ፖስታው የሚያውቁት ተናገሩ፣ እኔ ስለ ጠረጴዛው ልናገር፣ ሆዴ ሞልቶብኛልና።

ባለቤቴ ለቺፑ የሚሳሳለትን ያህል ለልጆቹ አይሳሳም። እንግዳው ግን ጥብሱን በእጁ በልቶ፣ ያንኑ እጅ ሱሪው ላይ አበስ አድርጎ ቺፕ ይቆልላል። ሸክላው ቅቤ ይጠጣል፣ አታውቁም እንዴ? አዋዜ የነካው ነጭ ቺፕ አለን፣ እስከ ዛሬ የቆሎ ቀለም ይዞ ቀረ። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና ጠብታ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ፈጠን ብሎ መጥረግ፤ ከዚያ ሲደርቅ ጭላጭ ሚነራል ዘይት። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፣ መሐሉ ላይ ያለው ሥዕል ይነሣል። እህቴ አግዛለሁ ብላ አንዴ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨምራው ነበር። ስለዚያ ቀን አናወራም።

አሁን ሕግ አውጥቻለሁ፣ ምግብ መጀመሪያ፣ እጅ ማስታጠብ፣ ከዚያ ካርታ። አያቴ ቤት ከምግብ በፊትም በኋላም ውኃ ይዞ የሚዞር ልጅ ነበር፣ እኔ ቤት ያንን ልጅ መለስኩት። ቢራ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። ቺፑን እንደ ገብስ መሐል ላይ የሚበትን ሰው አለ፣ ማን ስንት እንዳስገባ ሊታወቅ ነው? ፊት ለፊት ደርድረህ ግፋው። ሌላው ደግሞ ማሸነፉን እያወቀ ካርታውን ሳይገልጥ እያቃሰተ፣ ጣሪያ እያየ፣ ሌላው ገንዘቡን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ቀስ አድርጎ የሚገልጥ። ይኼ ሰው ለቅሶ ቤትም ይስቃል።

ለጠያቂው ግን አንዲት ነገር። እኔ ጨዋታ ሲያበቃ ቆጥሬ ነው የማስቀምጠው። ያልቆጠርኩ ለት ሁልጊዜ ይጎድላል። ሰው ሌባ ሆኖ አይደለም፣ በጣቱ እያሽከረከረ ያወራና ኪሱ ይከተዋል፤ በማግስቱ መኪናው ውስጥ ያገኘዋል። ግን አንድ ሁለት ነው የሚጎድለው። 41 በኪስ አይወጣም። አርባ አንድ ቀይ ኪሱ የከተተ ሰው ሱሪው ይወርዳል። እና ልጁን ሳትሰማው አትፍረድበት፣ ፎቶ ላክ በለው።


ሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ “ሱሪው ይወርዳል” ያልሽው አስቆኝ ባለቤቴን ቀሰቀስኩ።

ጋሼ፣ ፍርድዎን ተቀብያለሁ። ይቅርታው ግን ከመጣ ነው፣ እስካሁን ያለኝ አንዲት መስመር ናት። የፖስታው ልጅ፣ ስለ 100 ዶላሩ ባለማወቄ አፈርኩ። ደረሰኙን መኪናው ውስጥ አግኝቼዋለሁ፣ ቀለሙ ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው፣ ፎቶ አነሣሁት። ሂሳቡን ስሠራው 41 በ3 ዶላር 123 ነው። 100ውን ቢሰጡኝ 23 እጨምርለታለሁ። ነገር ግን እውነት ለመናገር፣ ልጁ እየዋሸኝ ነው የሚለው አልወጣልኝም። የእጅ ልማድ ይሆናል፣ ሥራ ቦታ ሁሉንም ሰው መጠርጠር ነው የተማርነው።


ባለ 259 (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም። አሁን ነው የተመዘገብኩት። ገዢው እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጅ “ስላንተ ይመስለኛል” ብሎ ላከልኝና ከሥራ ሰዓት ሰርቄ ነው የማነበው።

ወንድሜ፣ ስላልመለስክልኝ አልተቀየምኩም። መልእክቴን ደግሜ ሳነበው ለራሴም እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖብኛል። ግን 52 ቀን የት ነበርክ ላልከኝ፣ የት እንደነበርኩ ልንገርህ።

ሳጥኑ የደረሰ ለት ባለቤቴ ሆስፒታል ነበረች፣ ሁለተኛ ልጃችን ተወለደ። ሳጥኑን ጎረቤት ተቀብሎልኝ ምድር ቤት አስቀመጠው። ማዕዘኑ በፕላስተር ተጠግኖ እንደነበር አይቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን አንተ ያጠናከርከው ነው የመሰለኝ። ከፍቼ ከላይ አየሁ፣ ቀዩም አረንጓዴውም አለ፣ አውራ ጣቷን ላክሁልህ። ጋሼ እንዳሉት ቆጠራ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት አራስ ሊጠይቅ ሰው ቤታችን ተሰበሰበ። ማታ ሰው ሲበተን አምስት የቀረን ጓደኛሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቺፑን አውጥተን ተጫወትን። አበልጄም ነበር። በማግስቱ ልደረድር ብቆጥር ቀዩ 119። ደግሜ ቆጠርኩ። ሶፋውን ገለበጥኩ። የቆሻሻ ከረጢቱን ምድር ቤት ወለል ላይ ዘርግቼ እንጀራ ከቺፕ ስለይ ባለቤቴ መጣች፣ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

ያኔ የገባኝ ሐሳብ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ካንተ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። አበልጄን ነው የጠረጠርኩት። ማታ ሲወጣ ካፖርቱ ከብዶት ነበር መሰለኝ። ቺፑ ምን ያህል እንደሚያወጣ ደጋግሞ ጠይቆኝም ነበር። በቃ፣ ሰው መጠርጠር ሲጀምር ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሲደውል ስልኩን አላነሣ አልኩት። አንድ ሰንበት ቤቱ ጠራኝ፣ ልጁ ጉንፋን ይዞታል ብዬ ቀረሁ። አንድ ወር እንዲህ ሄደ።

ትናንት ጠዋት ባለቤቴ ዳይፐር አለቀ ብላ ምድር ቤት ወረደች፣ “የዳይፐር ሳጥን አለ” ብላ ያንተን ሳጥን አወጣችው። (አንተ መቼም በዚህ ትስቃለህ።) ባዶ መሆኑን አይታ ልትጥለው ስትል ነው ብርሃን ላይ ያየሁት። ታችኛው ማዕዘን ተቀዶ ነበር፣ የፖስታ ቤቱ ፕላስተር ከላዩ። ያኔ ነው 41ዱ እኔ ቤት እንዳልገባ የገባኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያቺን አጭር መልእክት የላክሁልህ። ሰላምታ የረሳሁት ላንተ ክብር ጠፍቶ አይደለም፣ አበልጄ ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ ነው።

ገንዘቡን ባትከፍለኝም ግድ የለኝም። ለሰውየው ምን እንደምለው ነው የቸገረኝ፣ እሱ እኮ መጠርጠሩንም አያውቅም።


ዱንስ 93

እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጁንም ያሳድግልህ።

ለአበልጅህ ምንም አትበለው። ያልታወቀ ነገር አይነገርም። ግን ሰንበት ጠርተኸው ታበላዋለህ፣ በደንብ ታበላዋለህ። ቺፑንም አውጣና እሱ ያድል።


የፖስታው ልጅ

እንኳን ደስ አለህ። አሁን ወደ ሥራችን። ሳጥኑ የት ነው? ጣልከው?


ባለ 259

አልጣልኩም። ሸሚዙም ጋዜጣውም አለ። ሸሚዙ ላይ የካዚኖው ስም ስላለ ባለቤቴ “ይህ የማን ነው?” ብላ ጠይቃኝ ነበር።


ሌሊት ፈረቃ

ወንድሜ፣ እኔን ይቅር በለኝ። ሥራ ላይ ሆኜ በእረፍት ሰዓት ነው ያነበብኩት፣ ስመለስ ሁለት ጊዜ ካርታ አሳሳትኩ፣ አለቃዬ መጥታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። እኔ ሌባ ብዬ ሳስብህ አንተ ሌላውን ሌባ እያሰብክ፣ ቺፖቹ አትላንታ ተቀምጠው ይሆናል።

ነገ ማመልከቻውን እኔ እሞላለሁ፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ስለሆነ። አንተ የሳጥኑን ፎቶ ላክልኝ፦ የተቀደደውን ማዕዘን በቅርብ፣ የተጠገነበትን ፕላስተር፣ አድራሻው ያለበትን ገጽ፣ ውስጡን ከነጋዜጣው። ከዚያ ሳጥኑን አትንካው፣ ዳይፐርም አትጨምርበት። 23 ዶላሩን ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ መቶውን ቢከለክሉን ያንንም እኔው እልካለሁ። ቀይ እያደንኩ ነው፣ ጁን ላይ ሰብሳቢዎች እዚህ ቬጋስ ሲሰበሰቡ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እዞርልሃለሁ። ካገኘሁ በትንሿ ሳጥን፣ በኢንሹራንስ። “ታምነኛለህ ወይ” የሚባል ነገር የለም ከእንግዲህ።


ባለ 259

ፎቶዎቹን ልኬልሃለሁ። ግን 20 ዶላር ብቻ ላክ።

ማዕዘኑን በቅርብ ላነሣ ክዳኑን ሳጥፍ ከካርቶኑ ሁለት ንጣፍ መሐል የሆነ ነገር ኮረኮረኝ። በጥፍሬ አወጣሁት። አንዲት ቀይ። ጠርዟ ላይ ትንሽ ተበልታለች፣ ኮፍያው አለ፣ ከዘራው የለም።

እዚህ ስም መቀየር ይቻላል? 260 ሆኛለሁ።